የአባቴ ደም የተሰማ ዕለት

አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነበር። ጅማ ውስጥ በርጩማ የሚጠርብ ሞልቷል፤ ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ ሚስማርና ያለ ኮላ፣ ሦስት እግር አውጥቶ መቀመጫውን እንደ መዳፍ አጎድጉዶ የሚያለሰልስ ግን ጥቂት ነው። አባቴ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር፤ ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ አይደለም። ሂርማታ ገበያ ዳር ወዳለችው ጠባብ ሱቁ የሚገባ ገዢ በመጀመሪያ ዋጋ አይጠይቅም፤ ይቀመጣል። ተቀምጦ መነሳት ሲያቅተው ያኔ ዋጋ ይጠይቃል።

እኔ ሃያ አልሞላኝም ነበር። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼ አባቴን አግዛለሁ፤ ሥራ ሲያልቅ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ባለሱቅ ገጹን እየገነጠለ ስኳር ሊጠቀልልበት ሲል ያስጣልኩት፣ ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበረኝ። ለቀበሌው የኪነት ቡድን ስለ ምርት ዘመቻ ግጥም እጽፋለሁ፤ የራሴን ግጥም ደግሞ ሱቁ ውስጥ በወደቀ እንጨት ላይ በአናጢ እርሳስ እጭራለሁ። አባቴ ማለዳ ያነባቸውና ምንም ሳይል ይልጋቸዋል። ደህና የመሰለውን ብቻ ሳይልግ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ከእሱ የበረታ ሃያሲ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንድ ቦታ መርጋት ስለማልችል የገበያው ሰው "በርጩማ ቤት ተወልዶ የማይቀመጥ ልጅ" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ገና በማለዳ መንገዱን በአቧራ ሞልተውታል። አባቴ አንድ መቀመጫ እያጎደጎደ ሳለ መሮው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ አለ፤ ቀኝ እጁ አልታዘዘውም። የሌላ ሰው ዕቃ ተሳስቶ ቤቱ እንደገባ ዓይነት እጁን ተመለከተው።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

አፉ ወደ ግራ ተጎተተና "እ... እ..." ብቻ አለ። ቀጥሎ ቀኝ እግሩ ከዳው። ከጎረቤቶች ጋር ተጋግዘን ጋሪ ላይ ጫንነውና ሆስፒታል አደረስነው።

ያኔ በሆስፒታሉ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣች ሐኪም ነበረች። አጭር ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ስትራመድ የምትሮጥ ትመስላለች። የአባቴን ክንድ አንስታ ለቀቀችው፤ ወደቀ። ውስጥ እግሩን ጫረች፤ ምላስህን አውጣ ብላ በራሷ ምላስ አሳየችው። ከዚያ አጠገቧ ከቆመው ነርስ ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገር ጀመረች፤ ነርሱ ግን ወዲያው ወደ ወሊድ ክፍል ተጠርቶ ሮጠ። ቀረብ ብዬ "እኔ እሰማለሁ" አልኳት። የእሷም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነበር፤ የእሷ ስባሪና የእኔ ስባሪ ገጠሙ።

"ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ተዘግቷል" አለችኝ። "የት ጋ እንደተዘጋና በሌላ በኩል የሚያልፍ ደም መኖሩን ማወቅ አለብኝ። አልቆርጠውም፤ አልወጋውም። ደሙን አዳምጣለሁ ብቻ።"

በአገሯ የአንጎልን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ትልቅ ማሽን እንዳለ ነገረችኝ። እዚህ ያላት በሻንጣዋ ይዛ የመጣችው፣ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን ናት። ከሳጥኗ ጋር በሽቦ የተያያዘ እስክሪብቶ የመሰለ ነገር አለ። እሱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ውስጥ ይልካል፤ ድምፁ ከሚሮጠው ደም ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ሳጥኗ ለእኛ በሚሰማ ድምፅ ታወጣዋለች። ጎኗ ላይ ደግሞ በጥቅል ወረቀት ላይ የምትጽፍ ቀጭን መርፌ አለች፤ ደሙ የሚሄድበትን አቅጣጫ በመስመር ትስለዋለች። ሐኪሟ ሌሎች በሽተኞቿን አይታ ከሰዓት በኋላ እንደምትመለስ ነገረችኝና ሄደች።

ከእሷ በፊት አዳዳ ደረሱ።

አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በኦሮምኛ የአባት እህት እንዲህ ትባላለች። አባቴን አንተ እያልኩ ያደግሁ ልጅ እሳቸውን ግን እርስዎ ነው የምለው። አባቴ ራሱ እርስዎ ይላቸዋል። የኮረሪማና የማር ነጋዴ ነበሩ። ሊሙ ገነት ዕቃ ሊገዙ ሄደው ሳለ ከጅማ የመጣ ሾፌር ወሬውን ነገራቸው፤ ሲመለስም በቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠው መጡ። አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም። ግን ብቻቸውን አልነበሩም። በገበያው በኩል አልፈው፣ በዋግምት የታወቁትን ሽማግሌ፣ የአባቴን የመስጊድ ጓደኛ፣ ከነቀንዳቸውና ከነምላጫቸው አስነስተው አምጥተዋቸዋል።

"መል ታኤ?" አሉ አዳዳ ገና ከበሩ። "ምን አገኘው ወንድሜን?"

ዋጋሚው ጎንበስ ብለው የአባቴን ፊት አዩ። "ደሙ ወደ ራሱ ወጥቶ ነው። አፉን አታዪውም? ወደ ግራ ሄዷል። ግራው ላይ የተጠራቀመው ደም ነው የሚስበው። እዚህ፣ ከጆሮው ፊት ለፊት ሁለት ቀንድ ብወስድለት ይመለሳል።"

"እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

"አዳዳ፣ ሐኪሟ እስክትመጣ ይታገሱ" አልኩ።

"ሐኪሟ? ሴት ናት?"

"አዎ።"

"ልጅ አላት?"

"አዳዳ!"

"ልጠይቅ እንጂ! ወንድሜን የምሰጣት እኮ ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማ ኢልማ ኮ፣ ስማኝ ልጄ። አባታችን እንዲሁ ሆነው ወድቀው ያነሳቸው ዋግምት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ አልተወለድክም።"

እውነታቸውን ነው፤ አያቴ ከወደቁበት ተነስተው ብዙ ዓመት ኖረዋል። በቤታችን ደግሞ የአዳዳ ቃል የመጨረሻው ቃል ነው። አባቴን ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ቀንዱ ከረጢት ይመላለሳል። መስማት አልተሳነውም፤ መናገር ብቻ ነው ያቃተው። በገዛ ራሱ ላይ ሌሎች ሲወስኑ ተኝቶ ይሰማል።

"እስከ አሱር እጠብቃለሁ" አሉ አዳዳ። "አሱር ሰግደን ስንመለስ ቀንዱ ይቀመጣል።"

በመካከሉ ክፍሉ በጠያቂ ሞላ። ጅማ ውስጥ ሰው ሲታመም መጠየቅ ማለት ደርሶ መመለስ አይደለም። ይቀመጣል፤ ዱዓ ይከፈታል፤ ዱዓው ሳይዘጋ የሚነሳ የለም። ጠራቢዎቹ መጡ፤ የአዳዳ የንግድ ጓደኞች መጡ፤ ከጎናችን ሱቅ ያለው፣ ከደቡብ የመጣው ጴንጤ ልብስ ሰፊም መጥቶ እንደ ሌሎቹ መዳፉን ዘርግቶ በራሱ ቋንቋ ይጸልይ ነበር። "አሚን" ሲባል መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

ሐኪሟ ሳጥኗን አቅፋ ገባችና በሩ ላይ ቆመች።

"ሁሉም ይውጡ በላቸው" አለችኝ።

አልኳቸው። ማንም አልተነቃነቀም። ይባስ ብሎ ነገሩ በሌላ ተተረጎመ። "ሊሞት ነው፣ እንዳናይ ነው የምታስወጣን" አለች አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፤ ያ ቃል ክፍሉን ዞሮ እስኪመለስ ዱዓው በእጥፍ ጮኸ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን በአባቴ ግንባር ላይ አሳረፈች፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ምንም አልተሰማም። መነጽሯን አውልቃ ተመለከተችኝ።

እኔ ደግሞ ሕዝቤን አውቀዋለሁ። ውጡ ቢባል አይወጣም። ከኪነት መድረክ የለመድኩትን ድምፅ ከሆዴ አወጣሁ።

"ጨል ጄዳ! ዝም በሉ!" አልኩ፤ አባቶች ባሉበት እንዲህ ጮኼ አላውቅም። "ውጡ አላልኳችሁም። ዱዓችሁንም አታቋርጡ። በልባችሁ አድርጉት። አላህ የልብንም ይሰማል፤ ይቺ ማሽን ግን የምትሰማው ዝም ሲባል ነው።"

መጀመሪያ አፋቸውን የዘጉት ዋጋሚው ናቸው። "ልጁ እውነቱን ነው" አሉና መዳፋቸውን እንደዘረጉ ከንፈራቸውን ገጠሙ። እሳቸውን አይተው ሌሎቹ ተከተሉ። ያ ሁሉ ሰው መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ሐኪሟ ቅባት ቀብታ እስክሪብቶዋን በቀኝ ዓይኑ ጥግ፣ ከቅንድቡ ሥር አስቀመጠች።

ሽው... ሽው... ሽው...

ራቅ ባለ ግቢ ውስጥ ሴቶች ቡና በሰፌድ ሲያበጥሩ የሚሰማ ይመስላል። የማይቸኩል፣ የማይቆም። የሁላችንም ዓይን ወደ ሳጥኗ ዞረ። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና የሆስፒታሉ በር ላይ የሚቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

"ማነው ሬዲዮ የከፈተው?" አለ። "የየት ጣቢያ ነው እሱ?"

ያኔ የማይታወቅ ጣቢያ ማዳመጥ ቀልድ አልነበረም። አንዳንዱ ሰው አንገቱን ደፋ።

"የአባቴ ደም ነው" አልኩት።

"ምን?"

"ደሙ ነው። ቁምና ስማ።"

ቆሞ ሰማ። ቆይቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሐኪሟ በዚሁ በቀኝ በኩል፣ ከጆሮው ፊት ለፊት ያለውን የደም ሥር በጣቷ ተጫነችው። ሽውታው እንደነበረ ቀጠለ። መርፌዋ ከመስመሩ በላይ ወደ ላይ የሚወጡ ትንንሽ ኮረብታዎች ትስላለች። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ ግራ ዓይኑ ወሰደችው። ድምፁ ቀጠነ። ኮረብታዎቹ ተገለበጡ፤ ጫፋቸው ወደ ታች ሆነ። ከግራ ጆሮው ፊት ያለውን ሥር በጣቷ ተጫነች።

ድምፁ ጠፋ።

"ያ ረቢ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጣቷን አነሳች። ሽውታው ተመለሰ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ በፍጥነት ማስረዳት ጀመረች። ጤነኛ ሰው ላይ በዓይን ጥግ የሚያልፈው ደም ከራስ ቅል ውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። በአባቴ ግራ በኩል ግን ከውጭ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። አንገቱ ውስጥ ያለው ትልቁ ቧንቧ ተዘግቷል፤ ከጆሮው ፊት ያለችው ቀጭን ሥር በግንባሩ ዞራ፣ በዓይኑ በኩል ለአንጎሉ የምትችለውን ያህል ታቀብላለች። ደሙ ከቀነሰ እሷም ትደርቃለች። ደም እንዳይወጣው፣ ቀናም እንዳይል፣ ተኝቶ ይቆይ አለች።

ሁሉም ይጠብቀኛል። በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረም። አዳዳን አየኋቸው፤ የጫማቸው አቧራ ገና የሊሙ ነው።

"አዳዳ፣ ክረምት ላይ የሊሙ መንገድ ድልድይ ሲሰበር ኮረሪማዎን በምን ያስገባሉ?"

"በበቅሎ ነዋ፤ በጫካው ዞሬ።"

"መኪና የሚያመጣውን ያህል ይመጣል?"

"የት ሆኖ! ግን ሱቄ አይዘጋም።"

"የአባቴ ትልቁ ድልድይ ተሰብሯል። አንጎሉ ያለው በበቅሎ በሚገባ ደም ነው። በቅሎዎቹ የሚያልፉት ደግሞ እዚህ ጋ ነው።" ከአባቴ ግራ ጆሮ ፊት ያለውን ቦታ አሳየኋቸው። "ቀንዱ ይቀመጥ የተባለውም እዚሁ ጋ ነው።"

አዳዳ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ማር ውስጥ ስኳር የገባ ሲመስላቸው እንዲህ ያያሉ።

"አንተ ቃል ታውቃለህ" አሉ። "አሁን የምትነግረኝ የሷን ነው የራስህን?"

"ነገሩ የሷ ነው። በቅሎው የኔ ነው።"

ከክፍሉ ጥግ ሳቅ ፈነዳና ወዲያው ታፈነ። አዳዳ አልሳቁም። ሐኪሟን በምልክት፣ የራሳቸውን ጣት አንስተው፣ እኔም ልንካው አሏት። ሐኪሟ አላመነታችም። ያችን ኮረሪማ ስትፈለፍል የጠቆረች ጣት ይዛ ትክክለኛው ቦታ ላይ አሳረፈችው።

አዳዳ ተጫኑ። የወንድማቸው ደም ድምፅ በጣታቸው ሥር ጠፋ። አባቴ ከታች ወደ ላይ ያያቸዋል፤ እሳቸውም ያዩታል። እሳት እንደነካ ሰው ጣታቸውን አነሱ። ሽው... ሽው... ሐኪሟ በቃ ብላ እስክሪብቶዋን ልታነሳ ስትል አዳዳ እጇን ያዙ። ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃን በአንድ ወገን አይተው አይገዙም። በቀኝም በኩል እንድታሳያቸው አደረጉ፤ ተጫኑ፤ ድምፁ አልጠፋም። እንደገና በግራ ተጫኑ፤ ጠፋ። ያኔ ቀና አሉ።

"ቀንድህን ከረጢትህ አስገባ" አሏቸው ዋጋሚውን።

"አባትሽን ግን..." ብለው ጀመሩ ዋጋሚው።

"የአባቴን በዓይኔ አየሁ። የዚህን በጣቴ ሰማሁ። የዚህን ደም ማንም አይነካም፤ አንተም፣ እኔም፣ ንጉሥም ቢመጣ።"

"ንጉሥ የለም አሁን" አለ አብዮት ጠባቂው ከበሩ።

"እንግዲያው አንድ ተቀነሰልኝ!"

በዚህኛው ሁሉም ሳቀ፤ አብዮት ጠባቂው ራሱ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ሳቀ። ዋጋሚው ቀንዳቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልለው አስገቡ። ጊዜ ወሰደባቸው። ሲጨርሱ "ራስሽን ሲያምሽ ግን እኔው ጋ ነው የምትመጪው" አሏቸው አዳዳን።

"እመጣለሁ። እኔ ምን ሆንኩ!"

ሽማግሌው ቅር ብሏቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ አልሄዱም። በሚቀጥሉት ቀናት ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ከየአቅጣጫው የሚመጣውን መካሪ ሁሉ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ከሰኮሩ የመጣ አንድ ዘመዳችን "ይሄማ ደም ሳይወጣው አይድንም" ብሎ ገና ሲጀምር፣ "ደም መውጣት ቢኖርበት የማወጣው እኔ ነበርኩ" አሉት። "ግባ፣ መዳፍህን ዘርጋ፣ አፍህን ዝጋ። እዚህ ዱዓ በልብ ነው።" ያን ክፍል ያየ ሐኪም ሁሉ ይገረም ነበር፤ በጠያቂ ተሞልቶ የሰው ድምፅ የማይሰማበት ብቸኛው ክፍል የእኛ ነበር።

ሐኪሟ በየማለዳው እየመጣች ታዳምጠዋለች። አዳዳ የአባቴን ራስ ከትራስ ዝቅ አድርገው፣ ውሃ በማንኪያ እያጠጡ፣ ቀና ሊያደርገው የሞከረውን ሁሉ በዓይን ብቻ መለሱት። የግራዎቹ ኮረብታዎች እንደተገለበጡ ቀሩ፤ ግን ከቀን ወደ ቀን ጠለቅ አሉ፤ ሽውታውም ወፈረ። "በቅሎዎቹ በዙ" አልኳት አንድ ቀን ለሐኪሟ፤ ቃሉን አስረድቻት ስለነበር ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ እሷም "በቅሎዎቹ እንዴት ናቸው?" እያለች ትገባ ጀመር። የጅማ ሰው ያቀበላትን ቃል ይዛ ወደ አገሯ መመለሷ ዛሬም ደስ ይለኛል።

አባቴ በእግሩ ቆሞ ወጣ፤ በዱላ ነው፤ ግን በእግሩ። ቀኝ እጁ እንጨቱን ደግፎ ለመያዝ በቃ፤ መሮ ለመያዝ አልበቃም። እሱ በዓይኑና በግራ ጣቱ ያሳየኛል፤ እኔ እመታለሁ። ስሳሳት በዱላው ቁርጭምጭሚቴን ይነካኛል። ያቺ የማትቀመጥ እግሬ መቀመጥ የተማረችው ያኔ ነው።

የቀበሌው የኪነት ኃላፊ ስለ ማሽኗ ግጥም ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። ማሽኗ አንድ ስንኝ ብቻ ደረሳት፤ የቀረው ስለዚያ ክፍል ዝምታ ነበር። "ዝምታ ለመድረክ አይሆንም" ብሎ መለሰልኝ። ሱቅ ወስጄ ለአባቴ አሳየሁት። አንብቦ ወደ ጎን አስቀመጠው።

በሚቀጥለው ዓመት ቡና በደረሰ ሰሞን አንድ የገበያ ቀን ነው። አባቴ በሱቁ በር ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ አዳዳ ከንግድ ጓደኞቻቸው መሃል ቆመው ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተዋል።

"በዚህች ጣቴ!" ይላሉ። "በዚህች ጣቴ የወንድሜን ደም ቀጥ አደረግሁት። ፈረንጇ ደነገጠች። ማሽኑ ይሄን የቡና መኪና ያክላል። 'እሜቴ፣ ይልቀቁት' ብላ ለመነችኝ። በዚህችው ጣቴ ለቀቅሁት፤ ደሙ ሄደ!"

"ሶባ" አለ አባቴ።

ውሸት ማለቱ ነው። ከታመመ ጀምሮ ከአፉ የሚወጣው ቃል ተንከባልሎ፣ ግማሹ ጠፍቶ ነበር የሚደርሰን። ይህኛው ግን ጥርት ብሎ፣ ከነሹፈቱ ወጣ። ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው ሳቁ።

አዳዳ ዞር ብለው አዩት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው በራ።

"ሰማችሁት?" አሉ። "ሰማችሁት እንዴት እንደሚናገር?" ከዚያ ወደ ሴቶቹ ተመልሰው፣ ማሽኑን ይበልጥ አግዝፈው፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመሩት።